የዞብል ባንድ ሁለተኛው ዘፈን

«ቁመቱ ስንት ይሆናል?» አለ ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ።

«የማን ቁመት?»

«የማስተሩ ነዋ! ጠፋ አላልክም? ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ምን ለብሶ ነበር?»

እሸቴ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ካሴት እኮ ነው፣ ሃምሳ አለቃ! የዘፈናችን ዋናው ቅጂ!»

ታረቀኝ የቆቦን ልጆች ካራቴ የሚያስተምረው ማስተር የጠፋ መስሎት ነበር። እንዲያውም ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ልጁ ከዚያ ሰውዬ በቀሰመው ትምህርት የቤቱን ወንበሮች ፈጅቶበታል።

እሸቴን የማያውቅ የለም። የዞብል ባንድ ድምፃዊ ነው። በዚያ በካሴት ዘመን «ዋጃ ላይ ውረጂ» የሚለው ዘፈናቸው በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ አንደኛ ወጣ። የአውቶቡስ ረዳቶች ቀን ከሌት ሲያንጎራጉሩት፣ አላማጣ የሚሄዱ አንዲት ሴት የተጠሩ መስሏቸው ዋጃ ላይ ወርደው ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ ግን የሞከሩት ሁሉ እንቢ አላቸው። ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ዜማ መጣ። ደሴ ሄደው ቀዱት። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ካልተላከ አሳታሚው ሌላ ባንድ ሊይዝ ነው።

«ይሄ ከቀረ አበቃልን» አለ እሸቴ።

ካሴቱ የጠፋው ጠዋት ከሰሙበት ከከማሉዲን ሙዚቃ ቤት ነው። በሩ አልተሰበረም። ከመሳቢያው ሌላ የተነካ ነገር የለም።

«አባዝተህ ልትቸበችበው ነው፣ አይደል?» አለው ታረቀኝ ከማሉዲንን።

«ወላሂ አልነካሁም! ማባዛት ብፈልግ ቀድቼ ቦታው እመልሰዋለሁ። ለምን እሰርቃለሁ?»

መልሱ ልምድ ልምድ ቢሸትም እውነት ነበረው።

ታረቀኝ ወደ እሸቴ ዞረ። «አንተስ? እንደ መጀመሪያው አይሆንም ብለህ ፈርተህ ደብቀኸው ይሆን?»

«ፈርቼስ ነበር» አለ እሸቴ መሬት መሬት እያየ። «ግን ይሄኛው ይበልጣል። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።»

የቀረችው የባንዱ ዘፈን ተቀባይ ወሰንየለሽ ናት። ጠዋት ካሴቱን ሲሰሙ አብራቸው ነበረች። አሁን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«እስኪ የጠፋውን አሰሙኝ» አለ ታረቀኝ። «የማላውቀውን ዕቃ እንዴት ብዬ እፈልጋለሁ?»

እሸቴ ጀመረ። ከማሉዲን ሳይታወቀው ማጨብጨብ ያዘ፤ የሰርግ ጭብጨባ። ወሰንየለሽ ተቀበለች። ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ግን አያጨበጭብም። ቀኝ እጇ ተነስቶ ደረቷ ላይ አረፈ። ደገመ። ደገመ።

ታረቀኝ ቆቡን አወለቀ።

ባለፈው ክረምት የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ወንድሟን ዮናስን ሲወስደው፣ እሱም ለቅሶው ላይ ነበር። እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ ደረታቸውን እየመቱ ያወረዱት ሙሾ ይኸው ነው። ከበሮ ገብቶበት ፈጠነ እንጂ።

«የት አስቀመጥሽው፣ ወሰኔ?»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «የዮናስ የልብስ ሳጥን ውስጥ።»

ተያይዘው እቤቷ ድረስ ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ማሽላ ይለቅማሉ። ወሰንየለሽ ካሴቱን ከሟቹ ሸሚዞች መሃል አውጥታ ለታረቀኝ ሰጠችው።

«እናቴ ለልጇ ያለቀሰችበት ነው» አለች። «በየሰርጉ ሲጨፈርበት፣ በየአውቶቡሱ ሲጮህ፣ እዚህ ቁጭ ብላ ትስማው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ እሸቴ።

«ዜማው ይከብደኛል አላልኩህም? "ድምፅሽን አሙቂው" አልከኝ።»

እሸቴ በሩን ተደገፈ። «ከራሴ የመጣ መስሎኝ… ለቅሶ ስቀመጥ ነው ለካ የገባብኝ።» ቀስ ብሎ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ፣ ካልወጣ ባንዱ አበቃለት።»

እሳቸው ማሽላቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ታረቀኝ በአንድ እጁ ካሴቱን፣ በሌላው እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እትዬ፣ ስርቆት ስርቆት ነው። የሌባውን ስም መጻፌ አይቀርም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ሳይሉ አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

«የፊተኛውን ነው ወይስ የኋለኛዋን?»