ሥሩ ያልታየ በርጩማ

ሽማግሌው በመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ በጀርባቸው ተዘርረው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው አንድ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ወድቋል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሴት ልጃቸው፣ መካኒኩ ወንድ ልጃቸውና አማቻቸው ናቸው።

«መጽሐፍ ሊያወርዱ ወጥተው ነው የወደቁት» አለ አማቹ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መርማሪዋ በርጩማውን ወደ ብርሃን አዘነበለችው። መቀመጫው ስስ አቧራ ለብሷል፤ የእግር አሻራ የለበትም።

«የት ነበር ይሄ?»

«ዕቃ ቤት፤ ከተጣለ ቆየ» አለ መካኒኩ።

ሴት ልጃቸውን ለብቻዋ ጠየቀቻት። «ጭቅጭቅ ሰምተዋል?»

«ኩሽና ነበርኩ። ድምፅ ስሰማ... በሩን ዘጋሁት።» ዓይኗ እንባ ሞላ።

አማቹ የቀረበለትን ውሃ አልነካም፤ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል። ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው ስለገዙት አክሲዮን ሲጠየቅ ሊስቅ ሞከረ። «ገዝቶ ሃያ ዓመት መጠበቅ? ዶሮ አስታቅፎ በሬ መጠበቅ ነው!»

የእሱ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ በረንዳ ላይ ነበረች።

«አያትሽ አክሲዮን ገዝተውልሻል አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«የሲሚንቶ ፋብሪካ። ግን መጀመሪያ በጓሮ በኩል ወስደው አሳዩኝ።»

«ለምን በጓሮ?»

«ፊት ለፊቱንማ ሁሉም ቀለም ይቀባዋል ይላሉ። ወንበር እንኳ ሥሩን ሳያዩ አይቀመጡም። እማዬንና አጎቴንም በልጅነታቸው እንደዚያ ነው ያስተማሯቸው።»

መርማሪዋ ሦስቱን ሰብስባ ወንበር አቀረበችላቸው። ሴት ልጃቸው እያለቀሰችም ቢሆን ከመቀመጧ በፊት እጇን ከሥር ሰደደች። መካኒኩ ዘንበል አድርጎ አየ። አማቹ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«በርጩማው ላይ ማንም አልቆመም፤ አቧራው አልተነካም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ የመጣ ነው። እግሩን ምስጥ በልቶታል፤ በእጅ ይሰበራል። ጉዳቱ ግን የሚታየው ከሥር ብቻ ነው። የሳቸውን ልማድ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ላይ ወጡ ብሎ ለማሳመን አይሞክርም። እርስዎ ግን አንድ ቤት እየኖሩ ልማዳቸውን ልብ አላሉትም።»

አማቹ አቀረቀረ። «የልጄን ድርሻ ሽጠው ከዕዳ እንዲያወጡኝ ለመንኳቸው። "የሷ ነው፣ እስክታድግ አይነካም" አሉኝ። ገፋኋቸው። ራሳቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ መታቸው... መግደልስ አላሰብኩም።»

«እኔስ?» አለች ሚስቱ። «በሩን ባልዘጋ ኖሮ አባቴ ይተርፍ ነበር።»



ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ እጁን ዘረጋላት። «ነይ፣ የኔ እናት።»

አልሄደችም። አያቷ እንዳስተማሯት፣ መጀመሪያ አየችው፤ ረጋ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች። አባቷ የዘረጋውን እጁን ራሱ ሰበሰበው።