ሠላሳ አራት ቀይ ክር

አቶ ሙሉሰው የፔኒሲሊን መርፌ ተወግተው ቀበቷቸውን ሳይታጠቁ ሞቱ። ፊታቸው እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ ነበር። የወጋቸው ነርስ መሳፍንት በመሬት ድንበር ከሟቹ ጋር የሚካሰስ ሰው ነውና ዘመድ ሁሉ «ገደለው» አለ፤ ፖሊስም አሰረው። በማግስቱ ኢንስፔክተር አይናዲስ ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠሯ ጤና ጣቢያ መጣች፤ ወሬ ቶሎ የማትውጥ ሴት ናት።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው አላወቅህም?» አለችው እስረኛውን።

«ኮምፒውተሩ ‹የማይስማማው መድኃኒት፦ የለም› ይላል። እሳቸውንም ጠየቅሁ። ‹ካርዴ ያውቃል› አሉኝ።»

«ካርዱስ?»

«‹ኮምፒውተር ገብቷል› ተብሎ ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ተቃጠለ።»

የካርድ ክፍሉ ባዶ ነበር። ሃያ ዓመት ካርድ ሲያወጡ የኖሩት እትዬ የብርጓል መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ጽዳት ተዛውረዋል። መስኮቱ ላይ የቀይ ክር ጥቅል አለ።

«ልብስ ይሰፋሉ እትዬ?»

«እኔ? ቁልፍ እንኳ በቅጡ አልተክል።»

አይናዲስ ጥቅሉን አገላብጣ አየችው። ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው መቅዲ ዘንድ ሄዳ የመቶ ሰው መዝገብ አስከፈተች። መቶውም ላይ «የለም» ይላል።

«ቦታውን ባዶ ስተወው ኮምፒውተሩ አላሳልፍ አለኝ» አለች መቅዲ። «ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።»

«ከካርዱ ላይ ያነሳሽው ነገርስ?»

ልጅቱ መሳቢያዋን ከፈተች። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጭብጥ የሚሞላ ቀይ ክር ነበር። «ለመገልበጥ እንዲመቸኝ ቆረጥኩት። ማሠሪያ መስሎኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በባዶው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ እስረኛውን መሳፍንትንም፣ የሟቹን ሚስት ወለተ ሰንበትንም፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አምደሚካኤልንም።

«እትዬ የብርጓል የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ አይችሉም» አለች። «ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሲገኝ ካርዱን በስተው ቀይ ክር ያስሩበታል። ሐኪሞቹም ክሩን ማየት ለመዱና መጻፉን ተዉት። መቅዲ የገለበጠችው የተጻፈውን ብቻ ነው። መሳፍንትም የተነገረውን አመነ። ድንበሩ ከዚህ ሞት ጋር አይገናኝም።»

«እኔማ አንድ ወር ሁለቱንም ጎን ለጎን እንያዝ ብዬ ነበር» አሉ የብርጓል። «አዲሱ ጎታ ሳይደርቅ አሮጌውን ማን ያፈርሳል? ሳቁብኝ።»

«በአንድ ቀን ቀይሩ ተባልን፤ ቀየርን» አለ አምደሚካኤል መሬት መሬት እያየ።

«እና ባሌን ማን ገደለው?» አለች ወለተ ሰንበት።

አይናዲስ መቅዲ የቆረጠችውን ክር ወለሉ ላይ ዘርግታ ቆጠረችው። ሠላሳ አራት።

«አንዱ የአቶ ሙሉሰው ነው። የሠላሳ ሦስቱን ባለቤቶች ያስታውሳሉ እትዬ?»

የብርጓል ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሰውን ራሱን እንጠይቅ» አለ መሳፍንት።

«ሰውማ ‹ካርዴ ያውቃል› ነው የሚልህ ልጄ» አሉት።

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፈው ወጡና የሚገባውን ሰው ፊቱን አይተው ባለ ቀይ ክሩን ሊለዩ በሩ ላይ ተቀመጡ። ብርድ ነበርና የሚመጣው ሁሉ በጋቢ እስከ ዓይኑ ተሸፋፍኗል።