የአጸደ ሕፃናቱ ቧንቧ

ኢንጂነር ቢያዝን ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ዓባይ ማዶ በአንድ አጸደ ሕፃናት በር ላይ ለመንገዱ አዲስ ቧንቧ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ነው። አፈር ተንዶበት እግሩ ብቻ ይታያል። መጀመሪያ ያየችው የውኃ መስመር ሠራተኛዋ ዘሊካ ናት። ጫማውን ለየችው፤ ሰው ለመጥራት ሮጠች።

ቢያዝን ሦስት ዓመት ሙሉ አሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎችን ሲያስነቅል የኖረ ሰው ነው። እርሳሱ ከውኃው ጋር እየገባ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ለሠራተኛው ሁሉ መንገር አይሰለቸውም ነበር። የዘሊካ ልጅ የአራት ዓመቷ ሱምያ የምትውለው እዚያው አጸደ ሕፃናት ነው።

ኢንስፔክተር አገርነሽ ቦዩ ውስጥ ወርዳ ሬሳውን መረመረች። ስትወጣ ጭቃዋን ልትታጠብ የግቢውን ቧንቧ ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና እጅዋን በመሐረብ ጠረገች።

«አፈሩ አይደለም የገደለው» አለች። «አፉም አፍንጫውም ንጹሕ ነው፤ ሲደረመስበት መተንፈስ አቁሞ ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ ማጅራቱን ተመትቷል። ጣቶቹና ሴንጢው ደግሞ እርሳስ ነክተዋል። ቦዩ ውስጥ ያለው ግን ፕላስቲክ ነው።»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዓይን እዚያው ቆሞ በነበረው አንዋር ላይ አረፈ። አንዋር የዘሊካ ታላቅ ወንድም፣ ዓሣ አጥማጅ ነው። የተጣለ የእርሳስ ቧንቧ እያቀለጠ ለመረቡ ክብደት ያበጃል፤ በዚሁ ሰበብ ሐሙስ ዕለት ከቢያዝን ጋር ተጯጩኸዋል። መዳፉም በእርሳሱ እንደ አመድ ሆኗል።

«ዛሬ በስድስት ሰዓት የት ነበርህ?» አለችው አገርነሽ።

«ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዬን ስጠግን።»

«ማን አየህ?»

«ከአላህ በቀር ማንም።»

ወሰዱት።

የቁፋሮው ኃላፊ መልካሙ በዚያ ሰዓት ከአምስት ሠራተኞቹ ጋር ምሳ ላይ ነበር። የቧንቧ ቅየራውን ፕሮጀክት ኃላፊ አቶ መርስዔ ኀዘንን ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እጅጌያቸው ርሶ ከግቢው ሲወጡ ከምሳ የተመለሰው ዘበኛ አይቷቸዋል።

«እውነት ነው» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን። «ቢያዝንን ሰላም ብዬው፣ እዚያ የግቢው ቧንቧ ላይ ታጥቤ ወጣሁ። ያን ጊዜ ደኅና ነበር።»

ከዚያም ዘሊካን ለብቻዋ ወሰዷት። ሥራ ያስቀጠሯት፣ ሠርጓ ላይ የመረቋት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ቢያዝን ዛሬ ያዘዘሽ ነገር ካለ እንዳትናገሪ። ከወንድምሽ ጋር መከረች ብለው ያስሩሻል። ሱምያን ማን ያሳድጋታል?»

እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነበር። ቢያዝን በእርግጥ አንድ ነገር አዟታል፤ ለማንም እንዳትናገርም አስጠንቅቋታል። ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ብትናገር ልጇ፣ ዝም ብትል ወንድሟ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሱምያን እቅፍ ታደርጋለች።

ሰኞ ጠዋት አገርነሽ ሁሉንም ቧንቧው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። አንዋር እጁ በካቴና ታስሯል። ከቧንቧው ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል።

«እዚህ አፈሩ አዲስ ተገላብጦ አየሁና አስቆፈርሁት» አለች። «ይኸው፣ የእርሳስ ቧንቧ። የቢያዝን ሴንጢ ጭረት ገና ያበራል። የሥራ ወረቀቱ ግን የግቢው ቧንቧ ከሁለት ወር በፊት ተቀይሯል ይላል። መልካሙ፣ ለምን ተውኸው?»

መልካሙ አቀረቀረ። «ተወው ተባልሁ። ከተማው ከእርሳስ ነጻ ነው ተብሎ ሪፖርት ሊቀርብ ቀኑ ደርሶ ነበር።»

«ማን ነው ያለህ?»

ዓይኑን ወደ አቶ መርስዔ ኀዘን ላከ።

«እሺ፣ ፈርሜአለሁ» አሉ ሰውየው። «መፈረም መግደል ነው?»

«አይደለም። እርስዎ ግን እዚህ ታጠብሁ ብለዋል። ዘሊካ፣ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይህ ቧንቧ ውኃ ነበረው?»

አቶ መርስዔ ኀዘን ዘሊካን ትክ ብለው አዩዋት። እሷ ዓይኗን ከእሳቸው አሸሸች። የወንድሟን ካቴና አየች፤ ከግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሕፃናት ኩባያዎች አየች።

«አልነበረውም» አለች። «በአምስት ሰዓት ዘጋሁት። ቢያዝን ቧንቧውን ቆርጦ እርሳስ መሆኑን ሊያሳይ ነበር። የመስመሩ መዝጊያ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ እስካሁን አልከፈትሁትም።»

«እኔም ያን ዕለት ልታጠብ ሞክሬ ደረቅ ሆነብኝ» አለች አገርነሽ። «እርስዎ የታጠቡት ከኩሽናው ጀርባ፣ የዝናብ ውኃ በርሜል ውስጥ ነው። የበርሜሉ ጠርዝ ላይ የቢያዝን ደም ተገኝቷል። በአካፋ መቱት፤ ሬሳውን ቦዩ ውስጥ ጥለው አፈር ናዱበት፤ ይህንንም ጉድጓድ መልሰው ሞሉት። ውኃው መዘጋቱን ግን አላወቁም።»

አቶ መርስዔ ኀዘን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሰኞ ለወላጆች እናገራለሁ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ለምኜው ነበር።»

ካቴናው ከአንዋር እጅ ወጥቶ በእሳቸው እጅ ገባ።

በማግስቱ የአጸደ ሕፃናቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ደም ለማስመርመር ጤና ጣቢያ ተሰለፉ። ሱምያ አጎቷ ጭን ላይ ተቀምጣ መርፌውን ስታይ አለቀሰች።

«ከዚያ ቧንቧ ስትጠጣ ስንት ጊዜ ሆናት?» አለች ነርሷ፣ ብዕሯን እንዳነሳች።

«ሁለት ዓመት» አለች ዘሊካ፣ የሱምያን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች።