በአማና የተቀመጠ ምንጣፍ

በ1972 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፥ የጦሳ ተራራ ጉም ከደሴ ላይ ገና ሳይገፈፍ፥ የፒያሳው ምንጣፍ ነጋዴ ሐጂ ሙሄዲን ከአሜሪካ ደብዳቤ ደረሳቸው። ወታደራዊው መንግሥት ለወረሰው የአሜሪካውያን ንብረት ካሳ አልከፈለም ተብሎ ዋሽንግተን ፊቷን አዙራ ነበር፤ እርዳታው ተቋረጠ፤ ለኢትዮጵያ ሸቀጥ ይደረግ የነበረው የቀረጥ ምሕረትም ተነሣ፤ ዳፋው ደሴ ድረስ መጣ። አሜሪካዊው ደንበኛቸው «ይህ ነገር እስኪበርድ ምንጣፎቼን ለማንም እንዳይሸጡብኝ» ሲል ለመናቸው፤ ሐጂም ቃል ሰጡ።

ሰውየው ያዘዘው አርባ ምንጣፍ የሆጤ ሰፈር ሴቶች ዓመት ሙሉ የደከሙበት ነበር፤ ወደ አሰብ ሊጫን ኮምቦልቻ መጋዘን ገብቷል። ሐጂ ደግሞ ቃላቸውን እንደ ሶላታቸው የሚጠብቁ፥ በዚህም ጥቂት የሚኮሩ እልኸኛ ሰው ነበሩ።

«ሐጅዬ፥ ይሽጡት እንጂ! ብል እኮ ቃል አያውቅም» አለቻቸው ባለቤታቸው ዘሀራ።

«ወላሂ አልሸጥም! ቃል አማና ነው፥ የአላህ አደራ፤ አማና የበላ ምን ሙስሊም ነው?»

በሐምሌ ጓድ ቀለሙ የሚባል የቀበሌ ሊቀ መንበር፥ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጋዘኑን አስከፈተ። ሸቀጥ ደብቆ መገኘት በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር።

«ሐጂ፥ ይህን ሁሉ ለምን ደበቁት?»

«አልደበቅሁም፥ ጌታው፤ የሰው አማና ነው። ካላመኑኝ ይኸው ወረቀቱ» ብለው ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው ሰጡት። ምስኪን! ንጽሕናቸውን የሚመሰክርላቸው መስሏቸው ነበር። ቀለሙ የፖስታውን ቴምብር ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ከኢምፔሪያሊስቶች ጋር ይጻጻፋሉ!»

ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ምንጣፉም ተወረሰ፤ ገዥ ስላልተገኘለት በመንግሥት መጋዘን ብል በላው።

በጥቅምት ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ዘሀራ ፊደል ለሚያውቅ ሰው ሰጥታ አስነበበችው። አሜሪካዊው ከሌላ አገር ርካሽ ምንጣፍ አግኝቷል፤ ሐጂ የራሳቸውን እንደ ወደዱ ያድርጉት፤ ስለ ትዕግሥታቸውም ያመሰግናል። ዘሀራ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። በማግሥቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ሄደች።

«ሰውየው ምን አለ?» አሏት ሐጂ ገና ሳትቀመጥ።

«እየጠበቀዎት ነው፥ ሐጅዬ።»

«አልሐምዱሊላህ! አላልሁሽም?»

ሐጂ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እዚያው ሞቱ። ታሪክ የዋሽንግተንን ውሳኔና የደርግን መግለጫ ከነቀኑ መዝግቦ ይዟል፤ ስለ ሙሄዲን ግን የቀረው በፍርድ መዝገብ ላይ የሰፈረ «አሻጥረኛ ነጋዴ» የሚል ቃል ነው። በዚያ ጠብ ውስጥ ቃላቸውን ያልበሉ እሳቸው ብቻ እንደ ነበሩ የጻፈ የለም።