ቀዩን አትንኩ

የዮሳዲቅ ሬሳ ገና ከወለሉ አልተነሣም፤ አማቱ አቶ ጸሐዬ ግን የካሚዮኑን ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለውን የብረት ክዳን፣ በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

ኢንስፔክተር ሀጀራ ይህን ያየችው በወደቡ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ካለው የሟቹ ግቢ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ነው። የሟቹ ፊት የለም። ጎማው ሲፈነዳ የተወረወረው የብረት ቸርኬ ይዞት ሄዷል። ሽማግሌው ደም የሚጠርጉት ግን ከአማቻቸው ላይ አይደለም፤ ከብረቱ ላይ ነው፣ ቀለሙ እንዳይጫር እየተጠነቀቁ።

«አባባ፣ እጅዎን ያንሡ። ማስረጃ ነው» አለቻቸው። አማርኛዋ የድሬዳዋ ነው፤ ከእናቷ የወሰደችው።

«ደም ከባሕር ጨው ጋር ሲገናኝ ብረት ይበላል፣ ልጄ» አሉና መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ካሚዮኑ እንግሊዞች በዓለም ጦርነቱ ዘመን በረሃ ላይ ጥለውት የሄዱት ነው። ከባቡር ድርጅት ጋራዥ በጡረታ የወጡት አቶ ጸሐዬ ከአሸዋ አውጥተው፣ ዓርብ ዓርብን ሁሉ ገብረውለት ነፍስ ዘሩበት። መለዋወጫውን የገዛው ግን በነፃ የንግድ ቀጠናው ሃምሳ ተሳቢ የሚያሠማራው ዮሳዲቅ ነበር። ገዛ፣ ገዛና በመጨረሻ ካሚዮኑም፣ ጋራዡም፣ የሽማግሌው ልጅ ሔርሜላም የእሱ ሆኑ። ሀብታም እንዲህ ነው፤ ያላበጀውን ሁሉ አበጀሁ ይላል።

ሳጅን ከይረዲን ጉዳዩን ጨርሶታል። መካኒኩን ቡልቻን ካቴና አስገብቶት ጥላ ሥር አስቀምጦታል። ትናንት ከሟቹ ጋር በሰው ፊት ተሰዳድቧል፣ ዛሬ ጠዋት መፍቻውን ያመጣው እሱ ነው፣ የጎማውን አየር ሳያወጣ ሰውየውን አስገድሏል። ከይረዲን ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። የቀኑ ጫት ሊገባ ነው፤ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ በዚህ ከተማ ወንጀለኛ የሚፈልግ የለም።

ሀጀራ ከሬሳው ጎን ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ቀዩን አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል። የዚህ ካሚዮን ቸርኬ ሁለት የብረት ሳሕን ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ሁለቱን ሳሕኖች የሚያጋጥሙት የብሎን ማሰሪያዎች፣ ዳዶዎቹ፣ ቀይ ይቀባሉ፤ አየር እያለ እነሱን የፈታ ሰው መድፍ አፍ ላይ ፊቱን ሰጠ ማለት ነው። ጎማውን ከካሚዮኑ ጋር የሚያያይዙት አረንጓዴ ናቸው፤ እነሱ ቢፈቱ ጎማው በደኅና ይወጣል። ዮሳዲቅ ስለ ካሚዮኑ የሚያውቀው ይህችኑ አንዲት ሕግ ነበር። ለእንግዳ ሁሉ ይሰብካት ነበር።

ከሬሳው አጠገብ የወደቁት የተፈቱት ዳዶዎች አረንጓዴ ነበሩ። ሕጉን ጠብቆ ሞቷል።

ሀጀራ አንዱን አንሥታ በቁልፏ ጫረችው። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ወጣ።

 ካሚዮኑ ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ በግንድ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ወደቀሩት ሦስት ጎማዎች ተራ በተራ ሄዳ ጫረች፤ ከዚያ ጉንጯን ወለሉ ላይ አስተኝታ ዳዶዎቹን ከሥር ተመለከተች። ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና መጠየቅ ጀመረች።

ቡልቻ ሳምንቱን ሙሉ ፔካ 12 ሰፈር የሰው መኪና ሲጠግን እንደ ሰነበተ፣ ዛሬ የመጣው መፍቻ አምጣ ተብሎ እንደሆነ ተናገረ። ስለ ቀለሙ ስትጠይቀው ሊስቅ ቃጣው።

«መዳም፣ እኔ መጀመሪያ አየሩን ነው የማወጣው። ቀለም ለእንግዳ ነው።»

የሟቹ ጓደኛ መልአኩ ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ከአሮጌ ካሚዮን ፎቶውን እንጂ ቅባቱን የማያውቅ ሰው ነው። ዮሳዲቅ ካሚዮኑን ለአንድ የዱባይ ሰብሳቢ እንደ ሸጠው፣ ጎማዎቹን ሊያወልቅ የተነሣውም መርከብ ላይ ለማስጫን እንደሆነ ነገራት።

«አቶ ጸሐዬ ያውቁ ነበር?»

«ሰሞኑን እራት ላይ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። እየሳቀ። ‹በእርስዎ ዕድሜ ሰው የሚጠግነው ጥርሱን ነው› አላቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ሾርባቸውን ጨረሱ።»

ሔርሜላ አላለቀሰችም። በግራ ዐይኗ ሥር ያለው ጠባሳ አዲስ አልነበረም፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው ግን አዲስ ነው።

«ማን ነው?» አለቻት ሀጀራ።

«የምትጠይቂኝ ሰው መሬት ላይ ነው።»

«አባትሽ እታች ጋራዥ ውስጥ ሆነው አይሰሙም ነበር?»

«ይሰማል። ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።»

አቶ ጸሐዬ ከፍ ያለ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ቀኝ እግራቸው ፊት ለፊት ተገትሯል፤ ጉልበታቸውን የባቡር ጎማ ካደቀቀው ወዲህ አይታጠፍም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚሰግዱት ቆመው ነው። በባልና ሚስት መካከል አባት አይገባም አሏት። ስለ ሽያጩም ንብረቱ የእሱ ነው አሉ። ሲናገሩ ዐይናቸው ከካሚዮኑ አልተነቀለም።

ከይረዲን ጫቱን ሊቀበል ወጣ ሲል ሀጀራ ሽማግሌውንና ሌሎቹን ወደ ቤት አስገባችና የቡልቻን ካቴና ፈትታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከይረዲን ሲመለስ ቡልቻ ጥላው ሥር፣ ካቴናው እጁ ላይ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ሄዷል፤ እድፉ አልሄደም። መፍቻውን ከመሬት አነሣችና ለሔርሜላ ሰጠቻት።

«ባልሽ እንዴት እንደ ጀመረ አሳዪኝ። ከኋላው ጎማ አንድ አረንጓዴ ዳዶ ፍቺ።»

«በዚህ ሙቀት ሴት ታስቸግሪያለሽ?» አለ መልአኩ። «ስጪኝ፣ እኔ ልፍታው።» እጁን ወደ አረንጓዴው ዘረጋ።

ሀጀራ እጁን መታ መለሰችው። ሔርሜላ ጎንበስ ብላ መፍቻውን ዳዶው ላይ አጠለቀችና ክብደቷን ጣለችበት።

«አትንኪው!» አሉ አቶ ጸሐዬ። በርጩማው ተገለበጠ።

ሔርሜላ መፍቻውን እንደ ያዘች ቀና አለች።

«ለምን?» አለች ሀጀራ። «አረንጓዴ ነው እኮ። ግድግዳው የሚከለክለው ቀዩን ነው።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ከጎማው ወደ ግድግዳው ጽሑፍ አዞሩ።

«እንግዲህ እኔ ልናገርልዎ። የአራቱም ጎማ ዳዶዎች ቀለም ተገለባብጧል፤ ቀዩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ቀይ ሆኗል። ሟቹ በየትኛው እንደሚጀምር ገዳዩ አያውቅም ነበርና በአራቱም ላይ ደገሰለት። መልአኩ አይደለም፤ አሁን እንዳያችሁት ሞቱን በእጁ ሊፈታ ነበር። ሔርሜላም እንደዚያው። ቡልቻ ጎማ ሲፈታ አየሩን እንጂ ቀለሙን አያይም፤ ሰው በቀለም ይሞታል ብሎም አያስብም። ደግሞም ቀቢው የታችኞቹን ዳዶዎች የቀባው ከላይ ብቻ ነው፤ ሆዳቸው ሥር የድሮው ቀለም አለ። ተንበርክኮ መቀባት የማይችል ሰው ነው። ግን ማስረጃዬ የማይታጠፍ ጉልበት ብቻ ቢሆን ጠበቃ ይስቅብኛል። ስለዚህ አፍዎን ፈለግሁት።»

«ልጄን ልትገድያት ነበር» አሉ አቶ ጸሐዬ።

«ቡልቻ አየሩን ካወጣው ቆይቷል። የጦር ጎማ ወፍራም ነው፤ ካሚዮኑ ግንድ ላይ እንደ ተሰቀለ ባዶ ሆኖም ቅርጹን አይለቅም። ይህን ያስተማሩት እርስዎ እንደሆኑ ነግሮኛል።» ወደ ከይረዲን ዞረች። «ልጁን ፍታው። ካቴናውን ለአባባ።»

ከይረዲን ካቴናውን ሲቆልፍባቸው ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ዕቃ ሰጡ፤ ፊታቸው ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም። ሔርሜላ ግን መፍቻውን አልጣለችም። መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ ስጮህ ሬዲዮ ትከፍት ነበር። ዛሬ የጮህከው ለእኔ ነው ወይስ ለካሚዮኑ?»

ዐይናቸው በትከሻዋ ላይ አልፎ ካሚዮኑ ላይ ዐረፈ።

ዞራ የሚያዩትን አየች። ከዚያ ወደ ካሚዮኑ ተመለሰችና የመፍቻውን ጫፍ ፓራፋንጎው ላይ ተክላ ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው። ቀለሙ እየተላጠ ወለሉ ላይ ረገፈ።

አቶ ጸሐዬ ሥጋው በቢላ እንደተሰነጠቀ ሰው አቃሰቱ።