ሳይወለወል የቀረው በር

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑን አንስተውት ነበር። ጋራዡ ውስጥ የቀረው ሰማያዊ አሮጌ መኪና፣ ከመኪናው ኋላ የተነጠፈ ካርቶንና ከካርቶኑ ዳር ጎን ለጎን የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጫማ ነው።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሟቹ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ቀን ረፋድ ላይ ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ተጣላ፤ ከሰዓት በኋላ በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶና ሞተሩ እየሠራ፣ ጭስ አፍኖት ተገኘ። የበሩ ሥር ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ተወትፎ ነበር። የሰፈሩ ፖሊስ «ራሱን ነው የገደለው» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ እስክሪብቶውን አንስቷል።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት መርማሪ ግን ጫማውን ስታይ ነገሩ አልተዋጠላትም። ሊሞት የቆረጠ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ክሩን ወደ ውስጥ ከትቶ፣ አሰማምሮ ያስቀምጣል? ያስቀምጥ ይሆናል፤ የሰው ጠባይ አያልቅም። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም።

መኪናውን ዞረችው። አፍንጫው ወደ በሩ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ካርቶኑ ነው። ጣሪያው፣ ኮፈኑና የቀኝ ጎኑ ተወልውለው ፊት ያሳያሉ። የግራ ጎኑ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጥቷል። በሾፌሩ በር ላይ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር፣ ነጩ ነገር የክንድ ስፋት ያህል ተጠርጓል። ያንን ፎቶ አስነሳችው።

ማዶ የሚሠራው መኪና ቀቢ ተጠራ። መኪናው የሚወለወልበትን ቅባት ለሟቹ የሸጠለት እሱ ስለሆነ ጦሱ ለእኔ ይተርፋል ብሎ ምላሱ ተሳስሮ ነበር። ስለ ሥራው ስትጠይቀው ግን አፉ ተፈታ።

«ሦስት በአንድ የሚባለው ነው እመቤቴ። ቆሻሻውን ያወጣል፣ ቀለሙን ያለሰልሳል፣ ሰሙንም ጥሎ ይሄዳል። የሰነፍ ሥራ ነው ብዬ ስቀልድበት፣ ሦስቱን ለየብቻ የምሠራበት ዕድሜ ከየት ላምጣ ይለኝ ነበር።»

«ይኸ ነጩስ?»

«ተቀብቶ እስኪደርቅ ይተዋል፤ ሲደርቅ እንዲህ ይነጣል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ነው። ፀሐይ ላይ አይሠራም። አቧራ ደግሞ ጠላቱ ነው፤ አቧራ አርፎበት ከተወለወለ ቀለሙን ይቧጭራል።»

«ስለዚህ በሩ ይዘጋል?»

«እዚህ ቤትማ ሕግ ነው። መኪናው ከነጣ በሩ ይዘጋል፣ ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ይወተፋል። ታናሽ ወንድሙም ልጂቱም ያውቃሉ። እኔ አንድ ቀን ሳላውቅ ከፍቼ ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል።»

ልጂቱ ሳሎን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሩቅ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሥራ ማግኘቷን ለአባቷ የነገረችው ያን ቀን ረፋድ እንደሆነ ተናገረች። እሱ ግን ቃል ሳይተነፍስ ኮፈኑን መወልወሉን ቀጠለ። ከስድብ ይልቅ ያ ዝምታ አንገበገባት።

«ታዲያ ምን አልሽው?» አለች መርማሪዋ።

«ከመኪናህ ጋር ኑር፣ ከመኪናህ ጋር ሙት አልኩት። ይኸው ሰማኝ።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይህች ልጅ ግን ያመለጣትን ቃል ዕድሜ ልኳን ልትሸከመው ነው። መርማሪዋ ማጽናኛ አልነበራትም፤ ያላት ጥያቄ ብቻ ነበር።

«የጋራዡን በር የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ጨርቁን ምን አደረግሽው?»

«በእግሬ ወደ ጎን ገፋሁትና በሩን ሳብኩት።»

«መጀመሪያ ገፋሽው?»

«አዎ። ካልገፋሁት በሩ ወደ ውጭ አይመጣልኝም።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጥቁር ጃኬት ለብሶ ጥግ ይዟል። የባትሪ ሠራተኛ ነው። ጩኸት ሰምቶ እስኪመጣ ድረስ ቀኑን ሙሉ ከሱቁ አልወጣሁም አለ። መርማሪዋ ሟቹ ቀን ቀን ይተኛ እንደነበር ጠየቀችው።

«ቅባቱ እስኪደርቅ ሁልጊዜ አልጋው ላይ ጋደም ይላል» አላት።

«እንቅልፋቸው ከባድ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ሳያጠፋ በየበረሃው የተኛ ሰው ነው። ሞተር ለሱ እሹሩሩ ነው።» ይህን ብሎ አቀረቀረ። የቀኝ እጅጌው ስፌት ውስጥ፣ ከክርኑ በታች፣ አራግፈውት ያልለቀቀ ነጭ ነገር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ልጂቱን፣ አጎቷን፣ ቀቢውንና ፖሊሱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ከጫማው ልጀምር» አለች። «ጫማውን እንዲህ የሚያስቀምጥ፣ ነቅቶ መልሶ የሚያደርገው ሰው ነው። የግራውን ጎን ቀብተው፣ እስኪደርቅ እዚህ ካርቶን ላይ ተኙ። ሲነቁ ሊወለውሉት።»

ፖሊሱ የጨርቁን ነገር አነሳ።

«ጨርቁ የነበረው ከበሩ ውጭ ነው» አለችው። «ልጅቷ በሩን ከመክፈቷ በፊት ነው በእግሯ የገፋችው። ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ውጭ ጨርቅ አይወትፍም።»

ቀቢው ሰው ገድሎት ነው ወይ ብሎ በቀስታ ጠየቀ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን የሾፌሩን በር እዩት። ሞተሩን ያስነሳው ሰው መክፈቻውን እንኳ አልነካም፤ ቅባቱን እንዳያበላሽ በመስኮቱ ክንዱን አስገብቶ ነው ቁልፉን ያዞረው። ሊገድል የመጣ ሰው ለቀለም አይጨነቅም። ይህን ያደረገው የቤቱን ሕግ የሚያከብር፣ ባለቤቱንም የሚወድ ሰው ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ አጎትየው ዞረች። «እጅጌዎ ላይ ቀርቷል።»

አጎትየው እጅጌውን አየ። ሊያራግፈው አልሞከረም።

«ባትሪው ደክሞ ነበር» አለ። «ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ይሞላል ብዬ አስነሳሁት። ስጠራው ዝም አለኝ፤ ከመኪናው ኋላ መተኛቱን አላየሁም፣ ቤት ገብቶ የተኛ መሰለኝ። ሰው የለበትም ብዬ ነው የዘጋሁት። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ። ስመለስ ልጄ ትጮሃለች።»

«ለምን ወደ ቤት ሳይገቡ እዚህ ተኙ?» አለ ፖሊሱ።

«እኔን ላለማየት ነው» አለች ልጂቱ።

«አይደለም ልጄ፣ አይደለም። ከተጣላችሁ በኋላ ደውሎልኝ ነበር። ትሄዳለች፣ መኪናውን ይዛው ትሂድ፣ ነገ ቁልፉን ሳስረክባት ባትሪ እንዳያዋርደኝ አለኝ። ቃል እንዳይወጣህ፣ እኔ ግን ፊት ለፊቷ ከቆምኩ አልችልም፣ ያስታውቅብኛል አለ። ቤት ያልገባው ለዚያ እንደሆነ የገባኝ ከሞተ በኋላ ነው።»

ልጂቱ ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ስል ሰማኸኝ ጋሼ።»

«ሰማሁሽ» አለ። «ሁሉም ራሱን ነው ሲሉ አፌ ተያዘ። ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አያት። እሷም አጎትየው ቃሉን በጣቢያ እንደሚሰጥ፣ መዝገቡ ላይ «ራሱን ገደለ» የሚለው እንደሚሰረዝ ነገረችው። ያሳዝናል፤ አንዷን ከሸክሟ ስታሳርፍ ያንኑ ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ እየጫነች እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ልጂቱ ከመደርደሪያው ንጹሕ ጨርቅ አወረደች። በዓይኗ መርማሪዋን አስፈቀደችና ወደ ግራው በር ሄደች። የጀመረችው ከመስኮቱ ሥር፣ የአጎቷ ክንድ ከጠረገው ቦታ ነው። አባቷ እንዳስተማራት በክብ በክብ ወለወለችው፤ ምልክቱም ከነጩ ጋር አብሮ ጠፋ።

ነፋስ ተነሳ፤ ከመንገዱ አቧራ ይዞ መጣ። አጎትየው ከልማድ ብድግ ብሎ በሩን ሊዘጋ ያዘው፤ ከያዘው በኋላ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባውና እንደቆመ ቀረ።

«ተወው ጋሼ» አለች ሳትዞር። «ክፍት ይሁን።»

እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። አቧራው ገባ፤ እሷም መወልወሏን ቀጠለች።