ለሽያጭ ያዘጋጀሁት የጀሪፍ ቤት

ያላመነ ይተወው፣ አልለምነውም። እኔ ፋጤ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ካርቱም፣ ጀሪፍ፣ በፈረንጆቹ 2002።

ረቡዕ ቀን ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ካርቱም የኖራችሁ ታውቃላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም።

እኔ ብቻዬን ማንም በማይኖርበት ቤት ውስጥ መጋረጃ እሰቅላለሁ...

አሠሪዬ ሐጅ ጂብሪል ቤተሰቡን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ባሕሪ ሰፈር ገብቷል። የጀሪፉን ቤት ሊሸጠው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ገዢ ይመጣል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ምንም ሳይናገር ይወጣል። በመጨረሻ ሰምሳሩ፣ ደላላው ማለቴ ነው፣ "ባዶ ቤት ያስፈራል። ሰው በደስታ የሚኖርበት አስመስሉት" አለ።

አስመሳይዋ እኔ ሆንኩ።

ፓስፖርቴ ሐጅ እጅ ከገባ አራት ዓመት አልፎታል። "ቤቱ የተሸጠ ቀን እሰጥሻለሁ፣ ኢንሻአላህ" ብሎኛል። ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ትቻት የመጣሁት ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሰባት ሞልቷታል። በስልክ "እትዬ" ነው የምትለኝ። እናቴ የምትለው እህቴን ነው።

ስለዚህ ያ ቤት መሸጥ አለበት። ሰማይ ቢደፋም።

ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ግቢውን ውሃ ረጭቼ ጠረግኩ። ከባሕሪ የመጡትን አራት አልጋዎች አንሶላቸውን ተኩሼ፣ ወጥሬ አነጠፍኩ። ገዢዋ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ትመጣለች። የቀረኝ መጋረጃው ብቻ ነው።

ቋ... ቋ... ቋ...

"ተፈደል" አልኩ። ግቡ ማለት ነው።

ሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች ታውቀዋለች፤ በር ሲንኳኳ አፍሽ ከአንቺ ቀድሞ ይመልሳል። እንዲያ አድርገው አስለምደውኛል።

ከዚያ ነው ነገሩን ልብ ያልኩት...

የተንኳኳው የግቢው በር አልነበረም። ከኋላዬ ያለው የመኽዘኑ በር ነበር፣ የዕቃ ቤቱ።

የተንኳኳውም ከውስጥ ነው።

መጋረጃ ለመስቀል ከቆምኩበት ወንበር ወረድኩና ሄጄ ከፈትኩት። ባዶ። ጠዋት እንደጠረግኩት ነው። "ሙቀቱ ነው ፋጤ" አልኩ ለራሴ፣ ዘግቼው ተመለስኩ።

ስመለስ የመጀመሪያው አልጋ ላይ ሰው ተኝቶበት ተነስቷል።

መሃሉ ላይ አይደለም። ጠርዙ ላይ... ጥቅልል ብሎ። አልጋው የእኔ አይደለም ብሎ እንደሚፈራ ሰው።

አስተካከልኩት። ዞር ስል ሁለተኛውም እንደዚያው ሆኗል። ቀጥሎ ሦስተኛው...

ወለሉን አየሁ። አሁን ነው የወለወልኩት፣ ገና አልደረቀም። ከመኽዘኑ በር ጀምሮ ባዶ እግር ረግጦበታል። ትንሽ እግር ነው፣ የሴት። ወደ ውጭ የመጣ እንጂ የተመለሰ የለም።

ልቤ ቀጥ አለ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ፈራሁ።

ከቁርኣን አየተል ኩርሲን ጮክ ብዬ ቀራሁ። ሦስት ጊዜ። ደግሜ ሦስት ጊዜ...

ጆሮዬ ሥር አንዲት ሴት በቀስታ "ጨረሽ?" አለችኝ።

በአማርኛ። አረብ ቤት ውስጥ፣ በአማርኛ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሳጃና ሰፈር ድረስ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። እኔ ወይ ፍንክች። ፍርሃቴ እዚያው ላይ አለቀና ደሜ ፈላ። አራት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤ፣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ማንም መጥቶ አያበላሽብኝም።

"አልጨረስኩም" አልኳት ሳልዞር። "አንቺ ነሽ ሥራ የምታስፈቺኝ።"

"እሱ መጣ?" አለች።

"ማን?"

"ሐጅ..."

"ነገ ይመጣል። እስከዚያ ከአልጋዬ ውረጂ። ይሄ ቤት ነገ ይሸጣል፣ እኔም ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ብትፈልጊ ጣሪያውን አውርጂው፣ አልወጣም።"

አልጋዎቹን አንድ በአንድ መልሼ አነጠፍኩ። ከዚያ በኋላ አንዱም አልተነካም።

ሐሙስ ገዢዋ ሲት ኒዕማ ከሐጅ ጋር መጣች። ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ክፍሎቹን "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያለች ዞረች። እኔ ሐጅን እየተከተልኩ መስኮት እከፍታለሁ።

ሲት ኒዕማ ከመኽዘኑ በኩል ባዶ ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

"ይሄን ቤት ወድጄዋለሁ፣ ኸላስ፣ ቀብዱን ተቀበለኝ" አለችው። ብርጭቆውን ለእኔ እየሰጠችኝ "ሁለት ሐበሻ ነው ያለህ? ቀጭኗ ልጅ ውሃ ሰጠችኝ። አሟታል እንዴ? እጇ ቀዝቃዛ ነው" አለች።

እኔ ለማንም ውሃ አልሰጠሁም።

ሐጅን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀብዱን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

ገዢዋ ስትሄድ ከመኪናው ቡኒ ፖስታ አምጥቶ ዘረጋልኝ። ከፈትኩት። ሁለት ፓስፖርት።

አንዱ የእኔ ነው። ሌላው ላይ ማዘንጊያ በየነ ይላል። ደሴ። ሃያ ሁለት ዓመት። ለካ ክርስቲያን ነበረች፣ እኔ በከንቱ ቁርኣን እቀራባታለሁ።

"የሷንም ውሰጂው" አለ ወደ መሬት እያየ። "ከአንቺ በፊት ነበረች።"

"የት አለች?"

"ያላ፣ ሂጂ።"

በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐጅ ሳልለው ጠራሁት። "ጂብሪል። የት አለች አልኩህ።"

"ታመመች..." አለ በሹክሹክታ። "አገሬ ልሂድ፣ ፓስፖርቴን ስጠኝ አለችኝ። ሌላ ሠራተኛ እስካገኝ ቆይ አልኳት። መኽዘኑ ውስጥ ነበር የምትተኛው..."

"ከዚያስ?"

ዓይኑ መኽዘኑ በር ላይ ቀረ። አላለቀስኩለትም። ፖስታውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ በፊቱ አልፌ ወጣሁ።

ለእናቷ እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የያዝኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ገዳሪፍን አልፌ ገላባት ድንበር ደረስኩ። የመስኮቱ መኮንን ፖስታውን እንዳለ ከእጄ ተቀበለኝ።

የእኔን ገለጠ። አየኝ። ማኅተም መታ።

የሷን ገለጠ...

ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳስብ ቀና አለ።

እኔን አላየም። በግራዬ በኩል ነው ያየው።

ፎቶውን አየ። መልሶ በግራዬ በኩል አየ።

"ሻሹን ከፊትሽ ገለጥ አድርጊው" አለ።

እጄን አላንቀሳቀስኩም። እኔን አልነበረም ያለው።

ትንሽ ጠበቀ... ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ማኅተሙን መታ።

"ያላ፣ ሁለታችሁም እለፉ።"

ወደ ግራዬ አልዞርኩም። ሁለቱን ፓስፖርት አንስቼ "ነይ፣ ማንም አያስቆምሽም" አልኳት፣ መሻገር ጀመርን።